ለድኩላ የመረጥኋት ጥይት

እሑድ በጧት ከቂርያት ማላኪ ተነሣሁ። ዝናቡ ሲወርድ አድሮ ገና አላባራም። ጉዞዬ አጭር ነው፤ መጀመሪያ ገደራ፣ ከዚያ ያቭነ፣ ተመልሶ ገደራ፣ ማታ ቤቴ። እዚህ አገር ከገባሁ ጀምሮ ግን ከገደራ አልፌ ያቭነ መድረስን ስሸሽ ኖሬአለሁ።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። አባ ብርሃኑ ገደራ ላይ ሞቱ፤ ዛሬ ከቀትር በኋላ በአይሁድ ወግ የሠላሳ ቀናቸው መታሰቢያ፣ ሽሎሺም፣ መቃብሩ ላይ ይደረጋል። ወንድማቸው አባ ደሴ ያቭነ ይኖራሉ፤ ለቀብርም ለለቅሶም አልመጡም። ሁለቱ ጎንደር ሳለን እንደተኳረፉ እስከ ሞት አልታረቁም። የአባ ብርሃኑ ባለቤት እቴ ትርንጎ ደወለችልኝ። «አስረስ፣ አንተ ለሁለቱም ልጃቸው ነህ። ሽማግሌ ሁነህ ደሴን ለሽሎሺሙ አምጣልኝ» አለችኝ። ወይ ሽማግሌ! ያጣላኋቸው እኔ ነኝ። ይህን እሷም አታውቅም፤ ሚስቴም አታውቅም።

ወደ ገደራ

ማቆሚያው ላይ ወደ ፋብሪካ የሚሄዱ ሴቶች ጣራው ሥር ተጠጋግተው ቆመዋል። አውቶቡሱ ሃያ ደቂቃ ዘግይቶ መጣ። ሹፌሩ ራሱ ዘግይቶ «ያላ፣ ያላ፣ ግቡ!» እያለ እኛን ያጣድፋል። ካርዴን አስነክቼ መስኮት አጠገብ ተቀመጥሁ። ውጭ የሚታየው የታረሰ መሬት፣ የብርቱካን ዛፍና ጭቃ ነው። እኔ የማስበው ስለ ጥይት ነበር።

አባቴ ቀጥቃጭ ነበር። ሰው የተኮሰበትን ባዶ ቀለህ ያመጣለታል፤ እሱ ባሩድ ሰፍሮ፣ እርሳስ አቅልጦ መልሶ ይሞላዋል። እኔም በዐሥራ ሰባት ዓመቴ ሥራውን ለመድሁ። ለእኛ ለአይሁዶቹ የሚሞላ ጥይት የራሱ ልክ ነበረው። ድኩላው በጥይት ከሞተ በክት ነው፤ አይበላም። እግሩን ተመትቶ መውደቅ፣ ከዚያ አዳኙ ነፍሱ ሳትወጣ ደርሶ ማረድ አለበት። ስለዚህ ባሩዱ ግማሽ ስፍር ብቻ ነው። የአባ ብርሃኑ ጠመንጃም ደኅና ቢሆንም አርጅቶ ስለነበር ከዚያ በላይ አይችልም።

የግማሽ ስፍር ክፋቱ፣ ቀለሁ ውስጥ ለሌላ ግማሽ ቦታ ይተርፋል። አንድ ቀን አምስት ቀለህ ስሞላ አባቴ ወናፍ እንድነፋ ጠራኝ። ስመለስ የትኛውን ሞልቼ የትኛውን እንደተውሁ ጠፋኝ። ሁሉንም ገልብጬ እንደ አዲስ መስፈር ነበረብኝ። ሰነፍሁ፤ በግምት ሞልቼ ደፈንኋቸው።

በማግስቱ አባ ደሴ የወንድማቸውን ጠመንጃ ተውሰው መጡ። «እስቲ ለድኩላ የምትሆነውን ምረጥልኝ» አሉኝ። አምስቱንም በየተራ ጆሮዬ ሥር ነቀነቅሁ። አራቱ ውስጣቸው ይንኮሻኮሻል፤ አንዷ ጭጭ አለች። የጠበቀች ጥይት ጥሩ ጥይት ትሆናለች ብዬ እሷን ሰጠኋቸው። «ይቺ አታሳፍርዎትም!» አልሁ። ምነው ያን ጊዜ አፌን በቆረጠው!

ጠመንጃው ፈነዳ፤ ከቀኝ እጃቸው ሦስት ጣት ወሰደ። አባ ደሴ «ወንድሜ የበሰበሰ ጠመንጃ እያወቀ ሰጠኝ» አሉ። አባ ብርሃኑ ጠመንጃው ደኅና እንደነበረ ማሉ፤ ማን ይስማቸው? እኔ የትኛዋን ጥይት እንደመረጥሁ ትዝ አለኝ፤ ጭጭ ያለችው ሁለት ጊዜ ባሩድ የሰፈርሁባት ነበረች። ግን ለማንም አልተናገርሁም። መጀመሪያ አባቴን ፈራሁ። አባቴ ሲሞት ደግሞ አፈርሁ።

ገደራ

እቴ ትርንጎ ጥቁር ሻሽ አስራ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ሻይና ዳቦ አቀረበች።

«እየሞተ እንኳ የሚያወራው ስለዚያ ጠመንጃ ነው» አለች። «‹ደሴን ጠይቂልኝ፣ ምን በድየው ነው?› አለኝ።»

ዳቦውን ሳልጎርስ መልሼ አስቀመጥሁት።

«ምነው፣ አመመህ?»

«የለም እቴ፣ ብርዱ ነው።»

ለእሷም ዋሸሁ። ቢያንስ ለአባ ደሴ ሳልናገር እንዳልመለስ ደረጃውን እየወረድሁ ማልሁ።

ያቭነ

ሁለተኛው አውቶቡስ ጋን ያቭነ በምትባል ሌላ ከተማ በኩል ዞረ፤ መንገዱ በመኪና ተጨናንቋል። ያቭነ ስወርድ ካልሲዬ ድረስ ረጥቤ ነበር። አባ ደሴ በሩን በግራ እጃቸው ከፈቱልኝ።

«አንተ አስረስ! ሸበትህ እኮ! ግባ፣ ግባ።» ገና ሳልቀመጥ ግን ፊታቸው ጠቆረ። «ለብርሃኑ ነገር ከሆነ የመጣኸው አፍህን አታድክም።»

«አባ፣ ጠመንጃው ደኅና ነበር። ጥይቷን ያበላሸኋት እኔ ነኝ።»

ወናፉን፣ ስንፍናዬን፣ ጭጭ ያለችዋን ጥይት ሁሉንም ነገርኋቸው። ቀኝ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው እያዩት ሰሙኝ።

«ብርሃኑ ‹ጥይቷን መርምር› ብሎኝ ነበር» አሉ። «‹ራስህን ልታድን ነው› ብዬ አባረርሁት።»

«ይቅር ይበሉኝ፣ አባ።»

«ለጣቶቼ ይቅር ብየሃለሁ። ልጅ ነበርህ፤ ልጅ ያጠፋል። ባለፈው ወር ብትመጣ ግን ወንድሜን በነፍሱ አገኘው ነበር። ባለፈው ወር ልጅ አልነበርህም።»

ወደ መቃብሩ ሊሄዱ ካፖርታቸውን አነሡ። እጅጌውን ልይዝላቸው ብል «ተው» አሉኝ።

መመለስ

አውቶቡሱ ውስጥ አጠገባቸው ተቀመጥሁ። ተነሥተው ከሹፌሩ ኋላ ሄደው ተቀመጡ፤ እስከ ገደራ ዞረው አላዩኝም።

መቃብሩ ላይ ሃያ የሚሆን ሰው ጃንጥላ ይዞ ቆሟል። አባ ደሴ ሰውን ጥሰው ገብተው ጭቃው ላይ ተንበረከኩ። «ብርሃኑ፣ ጠመንጃህ ደኅና ነበር። እኔን አፈር ይብላኝ!» ብለው ጮኹ። ስሜን አልጠሩም። እኔው ወደ እቴ ትርንጎ ጠጋ ብዬ «ጥይቷን የሞላሁት እኔ ነኝ» አልኋት። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለችና ጀርባዋን ሰጠችኝ።

ሲመሽ ቤቴ ገባሁ። ተናዞ መመለስ ሸክም ያቀላል ሲሉ ሰምቼ ነበር፤ እኔ ቀለል ያለኝ ነገር የለም። ከዚህ ጉዞ የተማርሁት ቢኖር ዝምታዬ የቆየው በፍርሃት ብቻ እንዳልሆነ ነው፤ ተመችቶኝም ነበር።

ለሚስቴ ሁሉንም አወራኋት። እርጥብ ጫማዬን ማሞቂያው አጠገብ አስቀመጠችና ጠየቀችኝ።

«ይህን ደብቀህ አባ ብርሃኑ ቤት ስንት በዓል በላን?»

«በየዓመቱ» አልኋት።