የመዝገብ ቤቷ ሠርካለምና የሩዝ ጆንያው

ወረታ መገናኛው ላይ ሰሞኑን የሚወራው ይህ ነው። የዩኒቨርሲቲው መዝገብ ቤት ሠራተኛ ሠርካለም፣ ይወገድ የተባለውን የራሷን የተማሪነት ፋይል ሰርቃ፣ በሩዝ ጆንያ ከትታ፣ በዘበኛው ፊት አሳልፋዋለች። ማታ ማታ ትራስ አድርጋው ትተኛለች። ለመስከረም ደግሞ ያንኑ ይዛ፣ እኩዮቿ ከወለዷቸው ልጆች ጋር አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጣ፣ ያቋረጠችውን ትምህርት ልትቀጥል ነው።

ወሬው ከወረታ ሲነሣ ፋይሉ አንድ ነበር። አዲስ ዘመን ከተማ ሲደርስ አንድ ጋሪ ሙሉ ሆነ። አንበሳሜ የገባው በመኪና ነው፤ ያውም ከነተሳቢው።

ለማመን ግን ያስቸግራል። ሠርካለም ካላስፈረመች እስክሪብቶ እንኳ አታበድርም። አንድ የትምህርት ክፍል ኃላፊ ፋይል ተውሶ ሳይፈርም ሊወጣ ቢል፣ በሩ ላይ ቆማ እስከ ምሳ ሰዓት አግታዋለች። እሱ ሲያወራው ሦስት ቀን ነው የሚለው፤ ጢሙ እዚያው ነው የበቀለው።

ሠርካለም የተወለደችው ከጣና ወዲህ፣ ክረምት ውኃ ከሚተኛበት ሜዳ ላይ፣ ከሩዝ ገበሬዎች ቤት ነው። ከመንደሯ ሴቶች ዩኒቨርሲቲ የገባች የመጀመሪያዋ እሷ ነበረች። ሁለተኛ ዓመት ላይ ሳለች ርብ ወንዝ ሞልቶ ሩዙን ከነበሬዎቹ ወሰደው። አባቷም በዚያው ዓመት ሞቱ። የማቋረጫ ቅጽ ሞላች፤ «ምክንያት» ከሚለው ሥር በእጇ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «የቤተሰብ ችግር። የሚቀጥለው ዓመት እመለሳለሁ።»

ቃሏንም አላጠፈችም፤ በዓመቱ ተመለሰች። የተመለሰችው ግን ተላላኪ ሆና ተቀጥራ ነው። ቤት ውስጥ አራት ታናናሾች አፋቸውን ከፍተው ይጠብቋት ነበርና። ከተላላኪነት ወደ መዝገብ ቤት ገባች። ታናናሾቿም አደጉ፣ አገቡ፣ ወለዱ። ዐሥራ ሦስት ዓመት እንዲህ አለፈ።

መስከረም በመጣ ቁጥር፣ ትምህርት ያቋረጡ ተማሪዎች እንደገና ለመግባት በመስኮቷ ይሰለፋሉ። ሁሉንም ታስተናግዳለች። የመጨረሻው ሲሄድ መስኮቱን ዘግታ ወደ ኋለኛው መደርደሪያ ትሄዳለች። የራሷን ፋይል ታወጣለች። ሹሩባዋን አዲስ የተሠራች፣ አንገቷን ቀና ያደረገች የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ከፎቶው ላይ ታያታለች። ያችን አንድ መስመር ታነባለች። አቧራውን ጠርጋ ትመልሰዋለች። ፋይሉ እስካለ ድረስ የሚቀጥለው ዓመት ገና አላለፈም ነበር።

ጣጣው የመጣው ከኮሎ ነው። ድሮ ያረጀ ወረቀት ከግቢው ጥግ ይጣል ነበር፤ ከዚያ ተለቅሞ ገበያ ይወጣል። አንድ ቅዳሜ አንድ መምህር ኮሎ ገዝቶ ሲቆረጥም ቆይቶ መጠቅለያውን ቢያነበው፣ የአንዲት ተማሪው የሕክምና ወረቀት ነው፤ ከነስሟ፣ ከነበሽታዋ። ከእሱ በፊት ገበያው በሙሉ አንብቦት ነበር፤ በጎቹ ሳይቀሩ።

ስለዚህ አዲሱ የመዝገብ ቤት ኃላፊ አቶ ደሞዝ መመሪያ ይዘው መጡ። የውጤት መዝገብ ለዘለዓለም ይቀመጣል። አቋርጠው በዐሥር ዓመት ውስጥ ያልተመለሱ ተማሪዎች ፋይል ግን ምስክር ባለበት ተቀዶ፣ ቃለ ጉባኤ ተፈርሞ ይወገዳል። የሚወገደውን ዝርዝር ያዘጋጀችው ሠርካለም ናት። ሦስት መቶ ዐሥራ ሁለት ስም ጻፈች። ሁለት መቶ ዐሥራ አራተኛው ላይ ትንሽ ቆየች እንጂ አልዘለለችውም።

የማስወገጃው ቀን መቀደጃው ማሽን ዐርባ ፋይል እንደበላ መብራት ሄደ። ቀሪው በእጅ እየተቀደደ በርሜል ውኃ ውስጥ እንዲቦካ ተወሰነ። አቶ ደሞዝ ስም ይጠራሉ፣ ሠርካለም ትቀድዳለች፣ ዘበኛው አያ ያየህ ምስክር ናቸው።

«ሁለት መቶ ዐሥራ አራት» አሉ አቶ ደሞዝ። ፎቶውን አዩት፤ ቀና ብለው እሷን አዩ። «ሠርኬ፣ ይች አንች አይደለሽም እንዴ?»

«ነበርሁ።»

«ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ? ይህን እንዝለለው እንጂ። አንድ ቀን ልመለስ ያልሽ እንደሆነ ያለዚህ በምን ትገቢያለሽ?»

«እኔ እንደሆንሁ ምንም አላየሁም» አሉ አያ ያየህ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው። «ዐይኔ ደካማ ነው። በዚህ ዐይኔ ነው እኮ ዐሥር ዓመት በር የጠበቅሁ!»

ሠርካለም ሳቀች፤ ፋይሉን ግን ከአቶ ደሞዝ እጅ ተቀበለች።

«እስካሁን የቀደድናቸውን አላነበቧቸውም? ሁሉም እኮ የሚቀጥለው ዓመት እመለሳለሁ ነው የሚሉ። የነሱን ቀድጄ የኔን ባስቀምጥ፣ ነገ እነሱ መስኮቴ ላይ ቢመጡ ምን እላቸዋለሁ?»

መጀመሪያ ፎቶውን ቀደደች። ቅጹን በመጨረሻ። በርሜሉ ውስጥ በዱላ ስትደፍቀው ቀለሙ ለቀቀና ውኃው ትንሽ ሰማያዊ መሰለ። «ሁለት መቶ ዐሥራ አምስት ይበሉ» አለች።

የቦካው ወረቀት በሩዝ ጆንያ ተሞልቶ፣ ግቢው ውስጥ ወደ ተቆፈረው ጉድጓድ ተወሰደ። አንዱን ጆንያ ሠርካለም ራሷ ስትሸከም ያያት ሰው አለ፤ ወሬው ከዚያ ሳይነሣ አልቀረም። ኋለኛው መደርደሪያ አሁን ባዶ ነው። አዲስ ፋይል ሲመጣ ሌላ ቦታ ትፈልግለታለች እንጂ እዚያ አታስቀምጥም። አቧራውን ግን ዛሬም ትጠርጋለች።

ትናንት ሠርካለም መገናኛው አጠገብ ካለው የማናዬ ሻይ ቤት ገባች። የሻይ ቤቱ ባለቤት ማናዬ ሻዩን አስቀምጣ አልሄደችም፤ አጠገቧ ተቀመጠች። ባጃጅ ነጂዎቹ ሳይቀሩ ወንበራቸውን አስጠጉ።

«እታለም፣ እኔን እንኳ አትደብቂኝ። ያ ፋይል አንች ቤት ነው አሉ። እየተኛሽበት ነው አሉ። ለመስከረም ልትገቢበት ነው አሉ። እውነት ነው?»

ሠርካለም ሻዩን እስኪበርድ አማሰለችው።

«ውሸት ነው። አልሰረቅሁም፤ በእጄ ቀድጄ በእጄ ፈርሜያለሁ። ጆንያው ውስጥ የነበረው የወረቀት ቡኮ ነው። ትራሴ የጥጥ ነው። በመስከረምም መስኮቴ ላይ ነኝ፤ የትም አልገባም።»