የመጀመሪያው ዙር ጥያቄ

ልጅ ሳለሁ የጓደኛዬ የዓይን ብርሃን እየጠፋ መሆኑን አውቄ ዝም ብያለሁ። እናቴ የጤና ጣቢያ ነርስ ነበረች፤ ማታ ራት ላይ አንድ ቃል ብተነፍስ ይበቃ ነበር። አልተነፈስኩም። ዛሬ አርባዎቹን አጋምሼ፣ ሰው የዕለት ችግሩን በምን በምን ደረጃ አልፎ እንደሚፈታ እያስተማርኩ እንጀራ የምበላ ሴት ሆኛለሁ፤ የማስተምረውን ግን መጀመሪያ የሰማሁት ከባሮ ወንዝ ዳር፣ ከአንድ ሽማግሌ ተረት ነው። ያጠፋሁትም እዚያው ነው።

ያኔ ቤታችን ከወንዙ ብዙ አይርቅም ነበር። አባቴና እናቴ ከደጋ ለመንግሥት ሥራ የመጡ ሰዎች ናቸው፤ እኔ ግን ጋምቤላ ተወልጄ ጋምቤላ ያደግሁ ነኝና ሙቀቱም ትንኙም የቤተሰብ ያህል ነበሩ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የሰፈሩ ልጆች የምንሰበሰበው ጋሽ ኦሞድ ዘንድ ነው። ጋሽ ኦሞድ ዕድሜያቸውን ታንኳ ላይ ጨርሰው፣ ክንዳቸው መቅዘፍ ሲያቅተው ሌሎች ያጠመዱትን ዓሣ በጭስ ማድረቅ የያዙ ሰው ነበሩ። ከማንጎው ዛፍ አጠገብ በእንጨት የሠሩት ቆጥ አለ፤ ዓሣውን እላዩ ላይ ደርድረው ከሥሩ እርጥብ ግንድ ያጨሳሉ። ጭሱ ልብሳችን ላይ ተጣብቆ በማግስቱ ትምህርት ቤት ድረስ ይከተለናል፣ አስተማሪዎቻችንም አፍንጫቸውን ይይዛሉ፤ ቢሆንም ትንኝ ያባርራልና እናቶቻችን እዚያ ማምሸታችንን አይጠሉትም ነበር። ቀስ እያለ ሲጨልም ፍሙ ይቀላል፣ ከዓሣው የሚንጠባጠበው ስብ እላዩ ላይ ሲያርፍ ብልጭ ይላል፣ ጋሽ ኦሞድም ኩራዛቸውን የማንጎው ግንድ ላይ ሰቅለው ይቀመጡና ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ።

የተለያየ ቋንቋ ከሚነገርባቸው ቤቶች የመጣን ስለነበርን ተረቱ በአማርኛ ነው የሚወራው። አማርኛው ሲያጥራቸው በአኙዋክኛ ይሞሉታል፤ የገባው ላልገባው ይነግራል፣ ነጋሪውም እግረ መንገዱን የራሱን ይጨምርበታል።

የእሳቸው ተረት እንደ ሌላ ሰው ተረት እስከ መጨረሻው አይወራም ነበር። ጉማሬው ወይም አዞው ወይም ሙሽራዋ መውጫ የሌለው ጣጣ ውስጥ ሲገቡ ድንገት ያቆሙና የደረቀ የማንጎ ፍሬ ከኪሳቸው አውጥተው አጠገባቸው ለተቀመጠው ልጅ ይሰጣሉ። ፍሬው እጁ የገባ ብቻ ይናገራል። በመጀመሪያው ዙር የሚመለሰው ጥያቄ «ምን ሆነ?» የሚለው ብቻ ነው። ተቸኩሎ «እንዲህ ቢያደርግስ» ያለ ልጅ ፍሬውን ተቀምቶ እንጨት እንዲያመጣ ይላካል። በሁለተኛው ዙር ሁሉም የመሰለውን መላ ያዋጣል፤ የሞኝ መላ እንኳ አይሳቅበትም። ቀጥሎ ከተዋጣው አንዱን እንመርጣለን። በመጨረሻ እሳቸው ተረቱን በመረጥነው መላ ይቀጥሉታል፤ ከሠራ፣ ያ እንስሳ ከዚያ ቀን ጀምሮ መላውን ባመጣው ልጅ ስም ይጠራል። ካልሠራ ግን ሌላ መላ አናነሳም። «መጀመሪያ ላይ ተሳስተናል ማለት ነው» ይሉና ፍሬውን እንደገና ለመጀመሪያው ልጅ ይሰጡታል፤ ምን ሆነ?

የመጀመሪያውን ዙር አልወደውም ነበር። ምን እንደሆነማ ግልጽ ነው፣ ምን ያስቀምጠናል እል ነበር በልቤ። ሁለተኛውን ነው የምጠብቀው፤ ስሜን የሚያስጠራኝ እሱ ነዋ።

አሪየት ከእኔ ጋር አንድ ክፍል ትማር ነበር። ወላጆቿ ወንዙን ተከትሎ ሩቅ ባለ መንደር ስለነበሩ የምትኖረው ከተማ ውስጥ ካለች አክስቷ ጋር ነው፤ አክስቷ ገበያ ስለምትውል ከጨለመ ነው የምትገባው። አሪየት ዝምተኛ ናት፣ ግን ስትስቅ በእጇ አፏን ሸፍና ትከሻዋ እስኪርገፈገፍ ነው። አንዳንድ ምሽት ተረት ማምጣት የልጆች ተራ ይሆናል፤ አንድ ቀን ተራው የእሷ ሆነና፣ ቀኑን ሙሉ ዓሣ ስታጠምድ ውላ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ዛፏን ማግኘት ስለማትችል አንዲት ወፍ አወራችልን። ወፏ ሌሎቹ ሲበሩ ድምፃቸውን ትሰማለች፤ ዛፉ ግን የለም።

ጋሽ ኦሞድ ፍሬውን መጀመሪያ ለእኔ ሰጡኝ።

«ምን ሆነች?»

«መንገዱ ጠፋባታ» አልኩና ወዲያው አሳለፍኩት፤ ቶሎ ዞሮ እንዲያልቅ።

አንዱ ዛፉ ተቆርጦ ይሆናል አለ፣ ሌላዋ ወፏ ሰክራ ይሆናል አለች። ፍሬው አሪየት ጋ ሲደርስ እጇ ውስጥ ቆየ። የፍሙ ብርሃን ፊቷ ላይ ነበር፤ እሷ ግን ትክ ብላ የምታየው ፍሙንም ሰውንም አልነበረም። በመጨረሻ እኔ ወዳለሁበት ዞራ «እሷ እንዳለችው ነው» አለች።

መላ ማዋጣት ስንጀምር ጋትሉዋክ የሚባለው ቀልደኛ ልጅ ወፏ ታግባና ባሏ ይፈልጋት አለ፤ ባሏም መንገዱ ቢጠፋበትስ ሲባል እንግዲያውስ አብረው ያድራሉ አለና መሳቅ ክልክል ቢሆንም ጋሽ ኦሞድ ራሳቸው ሳቁ። እኔ፣ ጓደኛዋ ከፊት ትብረርና እሷ ጭራዋን ነክሳ ትከተላት አልኩ። የእኔ ተመረጠ። ጋሽ ኦሞድ ተረቱን ቀጠሉ፤ ወፏ ጭራውን ነክሳ ዛፏ ዘንድ ደረሰች። እንደ ሌላው ጊዜ ግን «አለቀ» አላሉም። እንጨቱን ቆስቆስ አደረጉና «ለዛሬ ደረሰች» አሉ።

ያን ምሽት ስንበተን አሪየት የቀሚሴን ጫፍ ያዘች። አልጠየቅኋትም። ከዚያ በኋላ በየምሽቱ ያዘችኝ፤ እኔ ከፊት እሷ ከኋላ ሆነን ቤቷ ደጃፍ ድረስ እንሄዳለን። ጋትሉዋክ «ጭራዋ መጣች» እያለ ይቀልድብኛል፤ እውነቱን ለመናገር ደስ ይለኝ ነበር። ተረት ውስጥ የነገርኩት መላ ምድር ላይ ሲሠራ አየሁ። በዚያ ላይ በቤታችን ከልጆች መካከለኛዋ ስለነበርኩ ማንም አጥብቆ የሚፈልገኝ አልነበረም፤ ያቺ ጨርቄን የያዘች እጅ ግን ትፈልገኛለች።

አንድ ምሽት ጨረቃዋ ሞልታ ወንዙ ራሱ ነጭ መስሎ ነበር። የእግራችንን ጣቶች መቁጠር የሚቻልበት ብርሃን ነው። አሪየት መንገዱ ላይ የተኛች ፍየል ረግጣ ወደቀች፤ ተነሥታ ጉልበቷን እያሻሸች በለሆሳስ ጠየቀችኝ።

«ጨረቃ አልወጣችም እንዴ?»

ያኔ ነው የገባኝ። ወፏ መንገድ አልጠፋባትም። «ገና ነች» አልኳት፤ ለምን እንደዚያ እንዳልኩ ዛሬም አላውቅም። ቤት ስገባ እናቴ እግሯን በውኃ ነክራ ተቀምጣለች፤ ቀኑን ሙሉ በሽተኛ ስታይ ውላለች። ምን ሆንሽ አለችኝ። ምንም አልኳት። ብነግራት ነገ ጤና ጣቢያ ትወስዳታለች፣ አሪየት ትድናለች፣ የእኔ መላ አያስፈልጋትም፤ ይህን ሁሉ በዚህ ቅደም ተከተል አሰብኩ ማለት አልችልም፣ ልጅ ነበርኩ። ግን አፌን የያዘኝ ይኸው ነበር፣ ሌላ ምክንያት ብፈልግለት አጥቼለታለሁ።

ጋሽ ኦሞድ ሳይጠረጥሩ አልቀሩም። አንድ ቀን እንጨት ሳቀብላቸው፣ ልጆቹ ሳይሰሙ፣ «ያቺ ልጅ ደኅና ናት?» አሉኝ።

«ደኅና ናት። እኔ አለሁላት» አልኳቸው።

ዓይን ዓይኔን አዩኝ፤ ከዚያ እንጨቱን ተቀበሉኝ።

ከዚያ ወዲያ ኩፍኝ ገባ። በየቤቱ ልጅ ታመመ፤ እኔም ታምሜ ተነሣሁ። አሪየትን ግን ያገኛት ሰውነቷ አስቀድሞ በተጎዳበት ነበርና ዓይኗ ላይ ወጣባት። እናቴ ከሥራ ስትመለስ ለአባቴ ስትነግረው ከመጋረጃው ወዲህ ሆኜ ሰማኋት። ልጅቷ ከኩፍኙ በፊት ዳፍንት ይዟት ነበር አለች፤ ሲመሽ አታይም ነበር፣ ያኔውኑ ቢያመጧት በሚዋጥ መድኃኒት የሚመለስ ነበር፣ አሁን ግን ብሌኑ ቆስሏል። «እንዴት አንድ ሰው እንኳ ሳያስተውል?» አለችው። እኔ መጋረጃውን ይዤ ቆምኩ። ያስተዋለችው ልጅ በመጋረጃው በዚህ ወገን ነበረች።

አሪየት ከተሻላት በኋላ አክስቷ እየመራች ባሮ ዳር አመጣቻት። እሳቱ ተያይዟል፤ ልጆቹ ፊቷን ላለማየት ዓሣ ዓሣውን ያያሉ፣ ጋትሉዋክ እንኳ ቀልድ አጣ። ጋሽ ኦሞድ የዚያችን ወፍ ተረት ከቆመበት አነሡት። ወፏ በጓደኛዋ ጭራ እየተመራች ስትኖር አንድ ቀን ቀትር ላይም ዛፏን አጣችው አሉ። «መጀመሪያ ላይ ተሳስተናል ማለት ነው» አሉና ፍሬውን እጄ ላይ አኖሩት።

«ምን ሆነች?»

አሪየት ከጎኔ ናት፤ ፊቷን ወደ ድምፁ አዙራ ትጠብቃለች። ያኔ ብናገር ዓይኗ አይመለስም ነበር፤ ግን ምን እንደሆነች ሁላችንም እንሰማ ነበር፣ እሷም ብቻዋን አትይዘውም ነበር። ፍሬው ደረቅና ቀላል ነበር። አጠገቤ ላለው ልጅ አሳለፍኩት።

ጋሽ ኦሞድ ከዚያ በኋላ ለእኔ ቀድመው ሰጥተውኝ አያውቁም። ክፉ ቃልም አልተናገሩኝም።

ተማርኩ፣ ከከተማው ወጣሁ፣ ተመለስኩ። ለምክር ሥራ ስቀጠር በአንድ ሆቴል አዳራሽ ሥልጠና ተሰጠን፤ አሠልጣኙ ሰሌዳው ላይ ቀስት እየሣለ ችግሩን ለይ፣ መላዎችን ሳትንቅ ሰብስብ፣ አንዱን ምረጥ፣ ሞክር፣ መልሰህ እይ እያለ ሲያስረዳ አፍንጫዬ የዓሣ ጭስ ሸተተው፤ ሰበብ ፈልጌ ወጣሁ። ዛሬ ጀዊ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ ዳስ ውስጥ ከሴቶች ጋር ተቀምጬ ያንኑ አስተምራለሁ። የመጀመሪያውን ደረጃ አንዛዝተሽ ጊዜ ትፈጂያለሽ ይሉኛል ባልደረቦቼ። አንዲት ሴት ችግሬ እንቅልፍ ማጣት ነው አለችን፤ ቡድኑ መላ አዋጣላት፣ ማታ ሻይ ተወች፣ ከጎረቤት ጋር እየተጨዋወተች ማምሸት ጀመረች፣ ተኛች። ሁሉም አጨበጨበላት። እኔ ግን ፈራሁና ደግሜ ምን ሆነሽ አልኳት። ልጆቿ ድንበሩ ማዶ ቀርተዋል፤ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ አታውቅም። ለዚህ የሚዋጣ መላ በመካከላችን አልነበረም። በዚያው ሰሞን እንቅልፏ ተመልሶ ጠፋ። የሥራ ጓደኛዬ «ተሽሏት ነበር እኮ፣ ምን ነካካሻት?» አለችኝ። ምን ልበላት? ችግሩን በስሙ መጥራት ያድናል ብዬ ሳስተምር ስንት ዘመኔ ነው፤ ጠርተውት የዳኑ ግን ብዙ አላየሁም።

አሪየት እዚሁ ከተማ ከእህቷ ልጆች ጋር ትኖራለች። እሑድ እሑድ እሷ ከቸርች ስትመለስ በባጃጅ ሄጄ እጠይቃታለሁ። ልጆቹን ትጠራና «ሁሉም ሲሮጥ እኔን ጠብቃ ቤቴ ያደረሰችኝ ይቺ ናት» ትላቸዋለች፤ ልጆቹም እንደ ትልቅ ሰው እጄን ይስማሉ። በየጊዜው ይደጋገማል፣ በየጊዜውም እቀመጥና ሻይዬን እጠጣለሁ።

በቅርቡ ግን ልጆቹ ወጥተው ብቻችንን ስንቀር ቆረጥኩ። «አሪየት፣ ያኔ እኔ…» ብዬ ጀመርኩ። እጇን ዘርግታ ጉልበቴን ፈለገችና ያዘችው።

«ያኔን ተይው» አለችኝ። «ከያኔ የቀረኝ መልካም ነገር አንቺ ብቻ ነሽ። እሱን አትውሰጂብኝ።»

ታውቅ እንደሆነ አላውቅም። ካወቀች እንዳልናገር ለመነችኝ፤ ካላወቀች ደግሞ ብነግራት የቀረላትን እወስድባታለሁ። የማውቃቸውን ደረጃዎች ሁሉ ለራሴ ደጋግሜ ሞክሬያቸዋለሁ። ምን እንደሆንኩ አውቃለሁ፣ መላውም አንድ ብቻ እንደነበር አውቃለሁ፤ ጊዜው ደግሞ ያለፈው ያኔ፣ እናቴ እግሯን ነክራ በተቀመጠችበት ምሽት ነው። ከእነዚያ ተረቶች የቀረልኝ ጥያቄው ነው፤ መልሱን ይዤ የምሄድበት ሰው የለኝም።

አሪየትን ይቅርታ መጠየቅ አልቻልኩም። ይህን ያነበባችሁትን ግን እጠይቃለሁ፤ እባካችሁ ይቅር በሉኝ።