የነከርሁት ጥቁር ሱሪ

ልጄ የጭነት መኪናውን አስነስቶ የወጣው በመስቀል ማግሥት ነው። «ለኅዳር ሚካኤል እደርሳለሁ» አለኝ። ከዚያ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ስለ ሴት ልጁ አደራ ሰጠኝ። «ሥራዋን እንዳትለቅ። እኔ እስክመለስ ብቻ ያዥልኝ።»

ኅዳር ሚካኤል መጣና አለፈ። ስልክ ከተቋረጠ ሰንብቷል፤ መንገዱም አንድ ቀን ተከፍቶ ሦስት ቀን ይዘጋል። በሉማሜ በኩል መኪና ገባ ሲሉኝ ወደ መናኸሪያው ወርጄ ሾፌሮቹን እጠይቃለሁ። ድሮ ሲያዩኝ «እናታችን መጣች» እያሉ የሚቀልዱት ሾፌሮች በዚያ ሰሞን ጎንበስ ብለው ጎማቸውን ማየት አበዙ። ድካም ነው ብዬ አለፍሁት።

አደራዬን ግን ያዝሁ። ልጅቱን እናቷ ስትወልዳት ስለሞተች ያሳደግኋት እኔ ነኝ። ከወንዶቹ ጋር ኳስ ስትራገጥ፣ ዛፍ ላይ ስትንጠላጠል ነው ያደገችው። ሰፈሩ ወንዳወንድ ይላታል፤ እሷም ስትጠራበት አቤት ትላለች። ተምራ ጨርሳ እዚሁ ደብረ ማርቆስ አንድ መሥሪያ ቤት ስትቀጠር የስድስት ወር የሙከራ ጊዜ ሰጧት። በሦስተኛው ወር ኃላፊዋ ጠርቶ የቢሮ ሴት ቀሚስና ታኮ ጫማ ነው የምታደርገው፣ እንዲህ ሆነሽ የሙከራ ጊዜሽን የምታልፊ አይመስለኝም አላት። ከጓደኛዋ ተውሳ አደረገች። ማታ ኮብልስቶኑን ስትረግጥ ውላ ስትመጣ ካልሲዋ ከተረከዟ ጋር ተጣብቆ ነበር። በጨው ውሃ እያላቀቅሁላት ሳለ ሥራውን ልተወው አለችኝ።

በማግሥቱ እኔው ሄድሁ። ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ ቀስ ብዬ አነባለሁ እንጂ አነባለሁ። ኮሪደሩ ላይ የሠራተኛ መመሪያ ተለጥፎ ስላየሁ ቆሜ ከላይ እስከ ታች በጣቴ ተከተልሁት። ስለ ልብስ የሚለው ሠራተኛ ሁሉ ንጹሕና ሥርዓት ያለው ልብስ ይልበስ ብቻ ነው። ኃላፊውን ጠርቼ ቀሚስ የሚለው የቱ ጋ እንደሆነ እንዲያሳየኝ ጠየቅሁት።

«እማማ፣ ሕግ አይደለም፤ ልማድ ነው» አለኝ።

«ልጄ፣ ቄሶቻችን ቀሚስ ለብሰው ነው የሚቀድሱት። ወንድነታቸውን ማን ጠየቃቸው?»

በየበሩ የቆሙት ሠራተኞች ሳቁ። እሱ አልሳቀም። ንጹሕና ሥርዓት ያለው ከሆነ ሱሪም ቢሆን ግድ እንደሌለው ተናገረ፤ አነጋገሩ ግን እናያለን የሚል ነበር። እኔም እናያለን ብዬ ወጣሁ።

ቅዳሜ ይዣት ሰልባጅ ተራ ሄድሁ። ሰልባጅ መምረጥ አውቃለሁ። ሱሪ ሲሆን ጉልበቱንና መቀመጫውን ወደ ፀሐይ አንሥተው ነው የሚያዩት፤ ብርሃን ካሳለፈ ይተዉታል። ሸሚዝ ሲሆን አንገቱንና ብብቱን። የሴቶቹን ሱሪ ሳገላብጥ ኪሱ የውሸት ሆኖ አገኘሁት፤ ከላይ ስፌት አለው፣ ውስጡ ግን ጣት አያስገባም። ይህን ግፍ ማን እንደጀመረው አላውቅም። ወደ ወንዶቹ ክምር ተሻገርሁና በለበሰችው ላይ እያስጠለቅሁ ቁጭ ብድግ አስባልኋት።

«እማማ፣ ለወታደር ነው እንዴ የሚገዙት?» አለ ነጋዴው።

ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ለምትቀመጥ ሰው ነው አልሁት።

ሦስት ሱሪ፣ አራት ሸሚዝ፣ አንድ ኮትና አንድ ታኮ የሌለው የቆዳ ጫማ ይዘን ተመለስን። ልብስ ሰፊው ወገቡን አጠበበ፣ እግሩን አሳጠረ፤ ኪሱን እንዳይነካ በላዩ ቆሜ ጠበቅሁት። ሁሉም ልኳ ሆነ። ቀለማቸው ግን አልገጠመም። አንዱ አፈር፣ አንዱ ቅጠል ይመስላል፤ ኮቱ ጀርባው ላይ በረኪና ነክቶታል። ሁሉም አንድ ቀለም ቢሆን የቱም ከየቱ ጋር ይለበሳል፣ ጭቃም አያሳይም ብዬ አሰብሁ። ሰኞ ልጅቱ ሥራ ስትሄድ ትልቁን ጎላ ጥጄ ጥቁር ቀለምና ጨው ጨመርሁ፤ ሱሪዎቹን፣ ኮቱንና ሁለቱን ሸሚዝ ነከርሁ።

ቤት ውስጥ ጥቁር የሚነከረው መቼ እንደሆነ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። እንጨቱን ስቆሰቁስ አንድ ጊዜ እጄ ቆሟል። ግን የቢሮ ሰው ሁሉ ጥቁር ሱሪ ይለብስ የለም እንዴ፣ ያ ኃላፊ ራሱ ጥቁር ኮት ለብሶ አይደል የተቀመጠው ብዬ ቀጠልሁ። ጨርቁ ጠቆረ፤ የተሰፋበት ክር ግን ቀለሙን እምቢ አለ፣ እንደ ነጣ ቀረ። በአጥሩ ላይ በተርታ አሰጣኋቸው፤ ጥቁር ውሃ ይንጠባጠብ ጀመር።

ከመንገዱ ሴቶች ሲያወሩ ይሰማኝ ነበር። አጥሬ ጋ ሲደርሱ ዝም አሉ። ካለፉም በኋላ ወሬያቸውን አልቀጠሉም።

ከቀትር በኋላ የማኅበር ጓደኛዬ ገባች። ዕድሜያችን እኩያ ነው፤ አብረን ዳርን፣ አብረን ቀበርን። ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። የማን ለቅሶ ውላ ነው እያልሁ ሳስብ አንገቴን አቀፈችኝ።

«እንዲያው መቼ ነገሩሽ?» አለችኝ። «እኛ ለነገ ጎህ ሲቀድ ነበር የተቀጣጠርነው።»

«ምኑን?»

ፊቴን አየችው። ከዚያ በጎላው የቀረውን ቀለም አየች፤ ከአጥሩ ላይ ያሉት ሱሪዎች የአንዲት ቀጭን ልጅ መሆናቸውንም አየች። በነጠላዋ አፏን ያዘች። እግዜር ያጥናሽም አላለችኝ፣ ደህና ዋይም አላለችኝ፤ ወደ ኋላዋ እየተራመደች ወጣች።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር አውቃለሁ። እኔም በስንቱ ደጅ በጎህ ቆሜአለሁ። ወሬው ይመጣል፣ ዘመድና ጎረቤት ይመካከራል፣ ቀን ይቆርጣል፤ እስከዚያ ባለቤቱ ይስቃል፣ ይበላል፣ ገበያ ይወጣል። ለእሱ ሲባል ነው እንላለን። ሾፌሮቹ ጎማቸውን ያዩት ለምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። ሰልባጅ ተራ ሱሪ ወደ ፀሐይ እያነሣሁ ስከራከር ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር። ይህ ግፍ ነው አልሁ። የልጄን ነገር ከእኔ ቀድሞ ሌላው ሊያውቀው አይገባም አልሁ። ለብቻዬ ነው ያልሁት፤ ልብሱን ከአጥር እያነሣሁ።

አሥራ አንድ ተኩል ላይ ልጅቱ መጣች። ሱሪውን ገና እርጥበቱ ሳይለቀው ለበሰችው፤ ሁለት እጇን ኪሷ ከትታ በጓዳው ተንጎራደደች። አረማመዷ ትከሻን ያስቀድማል፤ ቁርጥ የአባቷ ነው።

«አባዬ ሲያየኝ ረዳት አድርጎ ይቀጥረኛል» አለች።

ከዚያ ለምን ዝም እንዳልሁ ጠየቀችኝ። የቀለሙ ሽታ ራሴን አሞኛል አልኋት። ያን ኃላፊ በሠራተኛው ፊት ያናገርሁት እኔ ለዚህች ልጅ አፌ አልከፈት አለ። አንድ ሌሊት ትተኛ ብዬ ነው። ለእሷ ሲባል ነው ብዬ።

ጎህ ሳይቀድ የብዙ ሰው እግር በራችን ላይ ቆመ። ማንም አላሳለም። ለሥራ ብላ ወንበር ላይ ያሰናዳችውን ልብስ በድንጋጤ ለብሳ ከእኔ ቀድማ በሩን የከፈተችው እሷ ናት። ሽማግሌዎቹ በጥቁር ሲያዩዋት ተያዩ። ካህኑ ጀመሩ። ከሉማሜ ወዲያ መኪናው መንገድ ዳር ተገልብጦ እንደተገኘ፣ ልጄም እዚያው አቅራቢያ ካለ ደብር ከተቀበረ ሦስት ሳምንት እንዳለፈው ተናገሩ።

ሴቶቹ ሲጮኹ እሷ አልጮኸችም። ሱሪውን ከላይ እስከ ታች አየችው፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«እማምዬ፣ ትናንት ታውቂ ነበር?»

«አዎ» አልኋት።

ሐዘን ከተቀመጥን በኋላ ያንኑ ልብስ ለብሳ ሥራ ገባች። ኃላፊው ስለ ቀሚስ ደግሞ አላነሣም፤ የሙከራ ጊዜዋንም አለፈች። አደራው ተጠብቋል። ማታ ማታ ካውያውን አግዬ ሱሪዎቹን ልተኩስላት ስል ከእጄ ትቀበለኛለች።

«ተይው፤ እኔው እተኩሳለሁ» ትለኛለች። አትቆጣም። ብቻ ትቀበለኛለች።