ከእኛ በታች ያሉ ሰዎች

የውሃ መሳቢያ ሞተር ሲነሳ፣ ገመዱ ሁለት ሦስቴ ተስቦ፣ አስሎ አስሎ በመጨረሻ የሚይዝበት ድምፅ፣ ዛሬም አዳማ ውስጥ ከአንዱ የግንባታ ቦታ ድንገት ሲደርሰኝ ያስቆመኛል። ከሞተሩ ጋር የአባቴን ንዴት አብሬ እሰማለሁ። ቡልቡላ ወንዝ ዳር ምርቱን ከባለ መሬቱ ጋር በእኩል እየተካፈለ ያርሰው በነበረው የሽንኩርት ማሳ ላይ፣ ሞተሩ ውሃ ትቶ አየር መሳብ ሲጀምር አባቴ ፊቱን ወንዙ ወደሚመጣበት ወደ ዝዋይ በኩል አዙሮ «እነዚያ ከላይ ያሉት» ይል ነበር፤ ከላይ ያሉት ትልልቆቹ እርሻዎችና ስፍር ቁጥር የሌላቸው ሞተሮች ነበሩ። እኔም ሳላያቸው ጠላኋቸው።

መስከረም ላይ ግን ወንዙ ሞልቶ ስለሚወርድ ሁሉም ሰው ቸር ነበር። ከእኛ በታች ከብት የሚያረቡት ኦቦ ገመቹ በማለዳ «አካም ቡልተን» ብለው እንዴት እንዳደርን እየጠየቁ መጥተው በጮጮ ወተት ይሰጡን ነበር፣ እናቴም ጮጮውን ባዶውን መመለስ ነውር ነው ብላ ቲማቲም ሞልታ ትሰጣቸው ነበር። እኩያዬ ጫልቱ የእሳቸው ልጅ ነበረች። እሷ አማርኛዬን እየተዋሰች፣ እኔ ኦሮምኛዋን እያበላሸሁ አብረን እንውል ነበር።

ኅዳር ላይ ችግኙን ከመደቡ ነቅለን እናዛውራለን። እናቴ ጎንበስ ብላ መዝሙር እየዘመረች ትተክላለች፣ እኔ ከኋላዋ ችግኝ አቀብላለሁ። ጥር ሲገባ ወንዙ ይቀጥናል። አንድ ዓመት ግን ከመቅጠን አልፎ ድንጋዩ ብቅ ብቅ አለ፣ ሽንኩርቱም ገና ራስ መያዝ መጀመሩ ነበር። በዚያን ጊዜ ውሃ ያጣ ሽንኩርት እንደ ጣት ቀጥኖ እንደሚቀር እኔም አውቅ ነበር።

አባቴ ባዶ የማዳበሪያ ጆንያ ሰብስቦ አመጣ። እሱ አሸዋ ይሞላል፣ እኔ በጆንያ መርፌ አፉን እሰፋለሁ። እጄ ፈጣን ስለነበር አመሰገነኝ፣ እኔም ደስ አለኝ። ጆንያዎቹን ወንዙ ላይ ከዳር እስከ ዳር ደረደርናቸው፣ በማግሥቱ ውሃው ተጠራቅሞ ሞተሩ እየጎረሰ መሳብ ጀመረ። እናቴ ግን ማዕድ ላይ ስትጸልይ ለእንጀራው አመስግና ውሃውን ሳትጠቅስ አሜን አለች፤ አባቴ ልብ እንዳለው ከፊቱ አየሁ።

በአራተኛው ቀን ኦቦ ገመቹ ከጫልቱ ጋር መጡ። ከኋላቸው ከብቶቹ አጥንታቸው እየተቆጠረ ቆመዋል። ጆንያ አልነኩም፣ አልተቆጡም፤ ዳሩ ላይ ቆመው ብቻ አዩ። አባቴ ሊያናግራቸው ቢወጣም ቀና ብሎ ሊያያቸው አልቻለም።

«ኦቦ ገመቹ፣ ሦስት ቀን ብቻ ይታገሡኝ። ራስ ይያዝልኝ።»

«ሰው ሦስት ቀን ይታገሣል» አሉ ሽማግሌው። «ላም ግን ቀን መቁጠር አታውቅም።»

ከብቶቹን እዚያው አጠጥተው ተመለሱ። ጫልቱ የላላ ጆንያ ልሰፋበት የያዝኩትን መርፌ አይታ፣ ጆንያዎቹን አይታ፣ ሳትሰናበተኝ ሄደች። ተናደድኩባት። እውነቱን ለመናገር ያስናደደኝ እፍረቴ ነበር።

ሦስቱ ቀን አለፈ፣ አባቴ ሁለት ጨመረበት። ኦቦ ገመቹም ተመልሰው አልመጡም። በአምስተኛው ቀን ጠዋት እናቴ የያዘችውን ዶማ መሬት ላይ አስቀመጠችና ቀስ ብላ «ከላይ ያሉትን ስትወቅስ አብሬህ ጸልያለሁ» አለችው። «አሁን ከታች ያሉት ማንን ይውቀሱ?»

አባቴ ማጭድ አንስቶ ወንዙ ውስጥ ገባና ጆንያዎቹን አንድ በአንድ ቀደዳቸው። ውሃው ተለቅቆ ሲወርድ እኔና አባቴ ዳር ዳሩን አብረነው ሮጥን፤ ኦቦ ገመቹ ደጅ ሲደርስ ለማየት። ሁለት ጠመዝማዛ እንዳለፍን ግን ውሃው ቆመ። ሌላ የጆንያ ግድግዳ፣ ሌላ ሞተር፣ እንደ እኛው በእኩል የሚያርስ የምናውቀው ሰው።

«እናንተን አይቼ ነው» አለ ሰውየው፣ እያፈረ። «ሦስት ቀን ብቻ ታገሡኝ።»

አባቴ ግድግዳውን ሳይነካ አለፈ። ብቻውን እስከ ታች ሄዶ ሲመለስ በረቱ ባዶ እንደነበር፣ ኦቦ ገመቹ የተረፉትን ከብቶች ነድተው እንደሄዱ ለእናቴ ነገራት። ሽንኩርታችንም እንደ ጣት ቀጥኖ ቀረ፣ በዓመቱ አዳማ ገባን፣ አባቴም ጥበቃ ሆኖ ኖረ።

ጫልቱን ያገኘኋት አምና ነው፣ ለሥራ ወደ ዝዋይ ስሄድ ዓለም ጤና ከተማ ላይ ቲማቲም ስትሸጥ። ወዲያው አወቀችኝ፣ ሳመችኝ፣ ስለ ልጆቿ አወራችኝ፣ አባቷ ከዚያ ወዲህ ከብት ሳይኖራቸው እንደሞቱ ነገረችኝ። ሃያ ዓመት የያዝኩትን አወጣሁት።

«አባቴ እኮ ውሃውን ከፍቶት ነበር፣ ጫልቱ።»

«ለማን?» አለችኝ፣ ቲማቲሟን እየደረደረች።

ያኔ በደል ሁሉ ከላይ የሚወርድ ይመስለኝ ነበር። አሁን በሰፈራችን ውሃ በተራ ሲመጣ በርሜሌን እየሞላሁ፣ ከእኔ ቀጥሎ ባለው ቤት ቧንቧው እንዴት ቀጥኖ እንደሚንጠባጠብ አስባለሁ። አስባለሁ እንጂ፣ በርሜሉ ሳይሞላ ዘግቼ አላውቅም።