ቀና በይ

የፊዚክስ መምህርቷ ተማሪዎቿን ወደ ሳይንስ ሙዚየሙ ይዛ የሄደችው ወዳ አይደለም፤ ርዕሰ መምህሩ አዘዋት ነው። አስጎብኚዋ ደግሞ ማን ሆና! የገዛ ታናሽ እህቷ። ያቺ ፊዚክስ ስታስጠናት መጽሐፉ ላይ ተደፍታ የምታንቀላፋ ልጅ፣ ዛሬ ደረቷ ላይ ባጅ ለጥፋ ሳይንስ አስረጂ ሆና ቁጭ!

"የሚሽከረከር ነገር ወደ ውስጥ ሲሰበሰብ ይፈጥናል" እያለች መምህርቷ ስንት ጠመኔ ፈጅታለች፤ ያተረፈችው የተማሪዎቿን ማዛጋት ነው። እህቷ ግን አንዲት ተማሪ የሚሽከረከር ወንበር ላይ አስቀምጣ፣ በሁለት እጆቿ ክብደት አስይዛ፣ እጆቿን አስዘርግታ አዞረቻት። "ሰብስቢ!" ስትላት ልጅቷ እንደ እንዝርት ሾረች። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ፤ የመምህርቷ አንጀት አረረ።

"ቲቸር፣ እርስዎም ይሞክሩት!" አሉ ተማሪዎቹ።

እምቢ ብትል ፈራች ሊባል ነው። ክብደቶቹን ይዛ፣ እጆቿን ዘርግታ፣ ፊቷን እንዳጨፈገገች ጎንበስ ብላ ተቀመጠች። እህቷ ገፋ አደረገቻትና እንዳትወድቅባት ሰግታ፣ "እትዬ፣ ቀና በይ!" አለቻት።

"ማን? እኔ? በአንቺ ነው የምቀናው?" ብላ ጮኸች መምህርቷ።

ተማሪዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ወንበሩ ግን መቆም እምቢ አለ፤ በዞረ ቁጥር አፏን ከፍታ የቀረችውን እህቷን መልሶ ፊቷ ላይ ያመጣባታል። መግቢያ ቢጠፋት፣ በኀፍረት ኩምትር ብላ እጆቿን ደረቷ ላይ ሰበሰበች።

ወንበሩ ጭራሽ በረረ።

"አሁን ገባን፣ ቲቸር!" አሉ ተማሪዎቹ።