በበዓለ ሃምሳ የጾምኩት ጾም

ባለፈው ሳምንት ደብረ ማርቆስ ውስጥ አዲስ የተሠራ አንድ መሥሪያ ቤት ጉዳይ ነበረኝ። አንዱ ሽንት ቤት በሩ ላይ የዊልቸር ሥዕል ተለጥፎበታል። ደስ ብሎኝ ወንበሬን እየገፋሁ ብሄድ ተቆልፏል። ጥበቃውን ጠየቅኩት። "እሱ እንኳ የመወልወያና የባልዲ ማስቀመጫ ነው፣ እማማ" አለኝ፣ ምንም ሳያፍር። ደሜ ፈላ።

ንዴቱ የዛሬ አይደለም። በወጣትነቴ፣ ፖሊዮ የጎዳውን እግሬን በክራንች እየደገፍኩ፣ ከምኖርበት ከሮብ ገበያ ማርቆስ ፍርድ ቤት እመላለስ ነበር። አጎቴ "ለአንካሳ ቤት ምን ያደርግላታል" ብሎ የአባቴን ቤት ይዞብኝ ነው። የፍርድ ቤቱ ሽንት ቤት ደግሞ ጓሮ፣ በድንጋይ ደረጃ ቁልቁል የሚወረድበት ጉድጓድ። ታዲያ ምን ላድርግ? ከማታ ጀምሮ ውሃ አልቀምስም። ብይ ሲሉኝ "ጾም ነኝ" እላለሁ። ባለጉዳዩ ሁሉ "እንዴት ያለች መንፈሳዊት ልጅ ናት" ይላል። መንፈሳዊት! ጉሮሮዬ ደርቆ ምራቅ መዋጥ እያቃተኝ።

አንድ ቀን ግን ተያዝኩ። ፋሲካ ካለፈ ገና ሁለት ሳምንት ቢሆነው ነው፤ ሌሊቱን የጣለው የበልግ ዝናብ ግቢውን አጨቅይቶታል። አጠገቤ ተራ የሚጠብቁ አንዲት ትልቅ ሴት ስንቃቸውን ፈቱ፤ በዶሮ ወጥ የራሰ እንጀራና ጠላ።

"ጾም ነኝ፣ እማማ" አልኳቸው እንደ ልማዴ።

"በበዓለ ሃምሳ? ምን ነካሽ፣ ልጄ?"

እውነትም፣ ከፋሲካ በኋላ ሃምሳውን ቀን ማን ይጾማል! አጎረሱኝ፤ ጠላውንም ጠጣሁ። እንዴት ይጣፍጥ ነበር መሰላችሁ።

ብዙም ሳይቆይ ሽንቴ መጣ። እንደ ምንም ወረድኩ። ስመለስ ግን ደረጃው አላስረግጥ አለኝ፤ ክራንቼን እየጎተትኩ በእጄ ዳኽኩ። ችሎት ስደርስ ስሜ ተጠርቶ አልፏል።

"የት ነበርሽ?" ሲሉ ዳኛው ጠየቁኝ።

ጭቃ በጭቃ ሆኜ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሽንት ቤት ነበርኩ ማለት አፈርኩ። መዝገቡ ተዘጋ። እሱን ለማስከፈት ተመልሼ እዚያ ደረጃ ላይ መዳኽ አልሆነልኝም፤ ቤቱ የአጎቴ ሆኖ ቀረ።

እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ቤቱ ብቻ አይደለም። ያንን ደረጃ የሠራው ሰው ማፈር ሲገባው፣ ያፈርኩት እኔ መሆኔ ነው።

ባለፈው ሳምንት ግን ወንበሬን የተቆለፈው በር ላይ አቆምኩ። ኮሪደሩ በባለጉዳይ ተሞልቷል። "ሽንት ቤት መግባት እፈልጋለሁ" አልኩ፣ ዳር ያለው ሰው እስኪሰማ።

"እማማ፣ ቀስ ይበሉ እንጂ" አለ ጥበቃው።

"ቁልፉ እስኪመጣ እዚሁ ነኝ" አልኩት። የውሃ ጠርሙሴን ከፈትኩና እያየኝ ጭልጥ አድርጌ ጠጣሁት።