የሚወረድባት ሞተር

ባሌ ወንዳወቅ ሁለተኛዋን ሞተር እየነዳ ግቢ የገባ ዕለት ጎረቤት ሁሉ ሊያያት ወጣ። እኔ በር ላይ እጄን አጣምሬ ቆምኩ። ቁመቷ ረጅም፣ ጎማዋ ጥርሳም፣ የፊት ጭቃ መከላከያዋ ወደ ላይ የተቀሰረ፣ ወንበሯ እንደ እኔ ላለ አጭር ሰው መሰላል የሚያስፈልገው። የመጀመሪያዋ ሞተራችን፣ የበርና የመስኮት ብረት ስትጭን የኖረችው ምስኪን፣ ከግድግዳው ጥግ ቆማለች። «ጣውንት መጣችብሽ፣ እህቴ» አልኳት። ሰዉ ሳቀ። እኔ ግን የምሬን ነበር፤ ለእሷም ለእኔም።

ወንዳወቅ በያጅ ነው። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለች የቆርቆሮ ቤት በር፣ መስኮት፣ አልጋ ይሠራል። ቀኑን ሙሉ በጥቁር መነጽር አንዲት ነጥብ እሳት ሲያይ ይውላል። ቤት ሲገባ ዓይኑ ቀልቶ፣ አንገቱ ደርቆ፣ ከፊቱ ካለው ትሪ ሌላ የሚያየው ነገር የለም። ታዲያ አንድ ቀን ምሳ ላይ ጉርሻውን ይዞ ቆየና «ሠርክአዲስ፣ ሩቅ ማየት አማረኝ» አለኝ። እኔ ዓይኑን ያመመው መስሎኝ ታከም አልኩት።

«ሕመም አይደለም። አስፋልት የሌለበት መሄድ ነው የምፈልግ። ተራራ ላይ ወጥቶ ቁልቁል ማየት። ለሥራ አይደለም፤ እንዲያው ነው።»

ያስፈራችኝ ያች «እንዲያው» ናት። ልጆቹን አሳድጎ ለወግ ለማዕረግ ያበቃ ሰው እንዲያው መሄድ ሲያምረው፣ ከቤቱ ምን ጎድሎበት ነው ያሰኛል። ይህን ግን አልነገርኩትም። ይልቅስ ባለችህ ሞተር አትሄድም ወይ አልኩት። ሞክሯል ለካ። ከቡሬ ወደ ሽንዲ የሚወስደውን መንገድ ይዞ፣ ከዚያ ወደ እግር መንገድ ሲታጠፍ ሆዷ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ ዘይቷ ፈሶ በፈረስ ጋሪ ተጭና ተመለሰች። «እሷ ለአስፋልት የተሠራች ናት፤ ምን ታድርግ» ብሎ አዘነላት። «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ስለው፣ «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» አለኝ። ተረቱ ሲያልቅበት ደግሞ አባቴን አመጣብኝ።

«አባትሽ በቅሎም ፈረስም አልነበራቸውም? በቅሎዋ ለገበያ፣ ፈረሱ ለግልቢያ። ሁለት ለምን አስፈለገዎ ያላቸው ሰው አለ? ይችም ፈረሴ ናት በይ።»

አባቴ አቶ ቸኮለ ከቡሬ ወጣ ብለው የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ዘራችን ከአዊ ነው፤ በእኛ ቤት ፈረስ እንደ ልጅ ነበር። ለጥር ጊዮርጊስ ዳማ ፈረሳቸውን ሸልመው ሲወጡ እኛ ልጆቻቸው አጥር ላይ ተንጠልጥለን እናይ ነበር፤ ሌላ ቀን የሚቆጡን አባት ያን ዕለት የሌላ አገር ሰው ይመስሉን ነበር። ዳማው ሞተ። ጉልበታቸውም እሱን ተከትሎ ከዳቸውና ከቤታቸው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ዋርካ ድረስ ብቻ በበትር የሚሄዱ ሆኑ። የወንዳወቅን ክርክር ስነግራቸው ፊታቸው በራ። «ፈረሴ ናት አለ? እሰይ፣ ይግዛ!» አሉ።

ባሕር ዳር ሄዶ ገዛት። አንድ ድርጅት ሥራውን ጨርሶ በጨረታ ከሸጣቸው ሞተሮች አንዷ ናት። ሻጩ ሊያስነሳለት ሲል «ቆይ» ብሎ መጀመሪያ እጁን ሞተሯ ላይ አሳረፈ፤ ቀድሞ ሞቆ የቆየ ሞተር ጠዋት ጠዋት እንቢ ማለቱን ይደብቃል። ቀዝቃዛ ነበረች። ከዚያ ሥሯ ተንበርክኮ አካላቷን ሲዳብስ ከወንበሯ በታች የብየዳ ጠባሳ አገኘ። ሌላ ገዥ ይህን ሲያይ ይሸሻል። እሱ ግን ጠባሳውን በጣቱ እየሄደበት «ይህን የበየደ እጁ ይባረክ» ብሎ ለዚያችው ብየዳ ሲል ገዛት። በዳንግላ፣ በእንጅባራ፣ በጥሊሊ አድርጎ ሲመጣ ቡሬ ላይ ዝናብ ያዘው። እንደዚያ ሆኖ ነው ግቢ የገባው፤ ውሃ የጠጣ ጨርቅ መስሎ፣ እየሳቀ።

ያ ዓመት መንገዱ ገና ሰላም ነበር። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ይወጣል፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጭቃ ለብሶ ይመጣል። የወምበርማን ዳገት ወጥቶ ቆላው ጭጋግ ውስጥ ተዘርግቶ ማየቱን፣ የጤፉ ማሳ ነፋስ ሲነካው መተኛት መነሳቱን ይነግረኛል። እሰማዋለሁ፤ ደስታውም ያስደስተኛል። ግን ፈራሁ። ሩቅ ማየት የለመደ ዓይን ቅርብ ያለውን ሰው ያየዋል ወይ ብዬ ፈራሁ።

ችግሩ የመጣው ግን በዚያ በኩል አልነበረም።

አንድ እሑድ ወንዳወቅ አባቴን በእግር መንገዱ ሄጄ ላስገርማቸው አለ። ወንዳወቅ የራሱን አባት በልጅነቱ ያጣ ሰው ነው፤ ከተጋባን ወዲህ አባት የሚለው የኔን አባት ነው። ሰንበቴው ተበልቶ አባቴና ሌሎቹ ሽማግሌዎች ዋርካው ሥር እንደተቀመጡ ደረሰ። ሄልሜቱን አላወለቀም። ክላክሱን ሁለቴ ነካ ነካ አደረገ፣ እጁን አነሳ፣ አለፈ። እዚህ ፍኖተ ሰላም ይህ ጨዋ ሰላምታ ነው፤ ባጃጁም አይሱዙውም እንዲህ ነው የሚሳለመው። እቤት ሄዶ ደጃፉ ላይ ጠበቃቸው። አባቴ በበትራቸው እየተመረኮዙ መጡ፣ አስገቡት፣ አበሉት፣ አጠጡት። ሊሄድ ሲል ጎንበስ ብሎ ምርቃት ሲጠብቅ «ሳይመሽብህ ሂድ» ብለው ገቡ።

አባቴ ዶሮ ከቆጥ ስትወርድ እንኳ የሚመርቁ ሰው ናቸው። ወንዳወቅ ቤት ሲገባ ጭቃውን ሳያራግፍ ቁጭ አለ። «አባትሽ አልመረቁኝም» አለኝ። ድምፁ የሕፃን ድምፅ ነበር።

በሳምንቱ ሚኒባስ ይዤ ቡሬ ሄድኩ፤ ከዚያም በእግሬ። አባቴ አጥራቸው ሥር ፀሐይ ይሞቃሉ።

«አባባ፣ ወንዳወቅ ምን አጠፋብዎ?»

«ወንዳወቅ? መች አየሁትና።»

«ቤትዎ ገብቶ በልቶ ጠጥቶ!»

«ቤቴማ እንግዳ መጥቷል፤ እንግዳ አስተናግጃለሁ። በዋርካው በኩል ያለፈው ግን ፊት የለውም። ራሱ እንቁላል ነው። እንቁላል እጁን ቢያነሳልኝ ምን ልበለው?»

ሳቄ መጣ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። «ሞተር እኮ ነው፣ አባባ። ከመኪና ወርዶ ሰላም የሚል ማን አለ?» አልኳቸው።

«በአስፋልቱ መኪና ትሁን፣ ማን ከለከለው። እሱ የመጣው ግን በፈረስ መንገድ ነው። አንች አይደለሽ ፈረሴ ናት ይላል ያልሽኝ? ደስ ብሎኝ ለሽማግሌው ሁሉ ነግሬ ነበር። ፈረስ ከሆነች ይውረድባት እንጂ! በሽማግሌ ፊት ከፈረሱ ሳይወርድ የሚያልፍ ሰው ወይ መርዶ ይዟል፣ ወይ ንቋል። መርዶ አለመያዙን አይቻለሁ።»

ወንዳወቅ ይህን ስነግረው በገነ። «እኔ እሳቸውን ልንቅ? እኔ?» አለና ወጥቶ ወደ ሥራው ሄደ። ያን ዕለት የቀጠቀጠው በር አይጣል ነው፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን አሉ። ሁለተኛዋን ሞተር ሸራ አልብሶ አቆማት። ለስንት ሳምንት አልነካትም። ጣውንቴ ስትወድቅ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን ወንዳወቅ እንደገና ዓይኑ ቀልቶ፣ አንገቱ ደርቆ ትሪውን ብቻ የሚያይ ሰው ሆነ። እውነቱን ልናገር፤ ጣውንቴ ናፈቀችኝ። እሑድ ጭቃ ለብሶ እየሳቀ የሚገባው ሰውዬ ናፈቀኝ።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ ሸራውን ገፈፋት። «ተነሽ፣ አባትሽ ዘንድ እንሂድ» አለኝ።

«በምን?»

«በፈረሷ ነዋ።»

እንዴት እንደወጣሁባት አትጠይቁኝ። ወገቡን ጨብጬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ቡሬን አለፍን። ከእግር መንገዱ ስንገባ ግን ከፈትኩት። ኑጉ አብቧል፤ ከላይ ሆነው ሲያዩት አገሩ ሁሉ ቢጫ ነው። ባሌ ለካ ከእኔ ሸሽቶ አልነበረም። ይህን ሊያይ ነው የሚሄደው፤ ሌላ ምንም አልነበረበትም። የተሸከምኩት ፍርሃት እዚያ ዳገት ላይ ቀረ።

ዋርካው ገና በሩቁ ብቅ ሲል ሞተሯን አጠፋ። ወረደ፤ እኔንም አወረደኝ። ሄልሜቱን አውልቆ መሪዋ ላይ አንጠለጠለና መግፋት ጀመረ። ዳገት ነው፤ ሞተሯ ከባድ ናት። እኔ ከኋላ፣ እሱ ከፊት፣ ላብ በላብ ሆነን ሽማግሌዎቹ ፊት ደረስን።

«ምነው ወንዳወቅ፣ ቤንዚን አለቀብህ?» አሉ ቄስ ወልደ ሥላሴ፣ የሰፈሩ አስታራቂ፤ ነገሩን እያወቁ።

«አይ አባ፣ ወርጄ ነው። እንደምን ዋላችሁ?»

ሽማግሌዎቹ ብድግ ብድግ አሉ። «ኧረ በእግዜር፣ አትነሱ!» አለ ወንዳወቅ። አባቴም ሊነሱ በትራቸውን ተከሉ፤ ከግማሽ ላይ ጉልበታቸው መለሳቸውና ተመልሰው ተቀመጡ። ፊታቸውን ወደ ጎን ሲያዞሩ አየሁ። ወንዳወቅ ሮጦ ጉልበታቸውን ሳመ። እሳቸው ግን የሚያዩት ሞተሯን ነበር።

«ሁለት ሰው ትችላለች?»

«ትችላለች፣ አባባ።»

«ዘመኑን ካየሁት ቆየ» አሉ።

አያ ዘመኑ የግልቢያ ጓደኛቸው ናቸው፤ ከወንዙ ማዶ ይኖራሉ፣ ከታመሙ ቆይተዋል። እዚያ መኪና አይደርስም፤ በቅሎ ላይ ደግሞ አባቴ መውጣት ካቆሙ ቆዩ። ሁለቱ ሽማግሌዎች በሰው በሰው ሰላም ሲባባሉ ነው የከረሙት። ወንዳወቅ ነገሩ ወዲያው ገባው። ሞተሯን ከትልቅ ድንጋይ አጠገብ አቆመና እኔና ቄሱ በክንዳቸው ደግፈን አወጣናቸው። ጋቢያቸውን አጣፍተው ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ሄልሜቱን ሲሰጣቸው «ፊቴን ሸፍኜ በሰው ፊት አላልፍም» ብለው መለሱት። እኔ በእግሬ ተከተልኩ፤ ቶሎ የሚጠፉብኝ መስሎኝ ነበር።

አልጠፉብኝም። ገና ከመነሳታቸው በሬ የሚነዳ ገበሬ መጣ። «አቁም» አሉ አባቴ። ቆመ። «አውርደኝ» አሉ። እግራቸውን በእጃቸው አንስተው፣ የወንዳወቅን ትከሻ ተጭነው፣ እያቃሰቱ ወረዱ። «እንደምን ዋልህ?» አሉት ገበሬውን፤ የቤቱን፣ የከብቱን፣ የአዝመራውን ጠየቁት። ከዚያ ድንጋይ ተፈልጎ እንደገና ወጡ። ትንሽ እንደሄዱ እንጨት የተሸከሙ ሴቶች መጡ። «አቁም።» ከዚያ አንድ ዲያቆን። «አቁም።» እኔ በእግሬ እየሄድኩ ደርሼባቸው፣ እንዲያውም ቀድሜያቸው ዛፍ ሥር ተቀምጬ መጠበቅ ጀመርኩ። ያች ገደል የምትወጣ ሞተር ከአህያ አንሳ አየኋት።

ሲያወጣ ሲያወርድ የወንዳወቅ ሸሚዝ በላብ ራሰ። ስለ ራሱ ግን አልነበረም ያሰበው። «አባባ፣ ጉልበትዎን እየጎዳብዎ ነው። ከላይ ሆነው ሰላም ቢሏቸው አይቀየሙም እኮ፤ ዕድሜዎን ያውቃሉ» አላቸው።

አባቴ እጃቸውን ትከሻው ላይ እንዳደረጉ ቆሙ። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ቆየንላቸው።

«ልጄ፣ ዳማው ከሞተ ወዲህ እኔ ተቀምጬ ነው ሰላም የምል። ሰው ሲመጣ ሰው ይነሳል፤ እኔ ግን እንደ ድንጋይ ቁጭ ብዬ እጄን እዘረጋለሁ። ዛሬ የምወርድበት አገኘሁ። ተወኝ ልውረድ።»

ወንዳወቅ ፊቱን አዞረ። ብየዳ እንዳየ ሰው ዓይኑን በክንዱ ጠረገ። አባቴ ትከሻውን ሳይለቁ ሌላውን እጃቸውን ራሱ ላይ አሳረፉ።

«ከፍ ያድርግህ» አሉት። «ከፍ ያድርግህ፤ ወርደህ ሰላም የምትለው ሰው አያሳጣህ።»

«አሜን» አለ ወንዳወቅ። እኔም አልኩ።

ደግፈን መልሰን አወጣናቸው። ከቁልቁለቱ ሥር ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች ብቅ አሉ። ወንዳወቅ ሳይነገረው ሞተሯን አጠፋ።